ተወስዷል ወይም ተከልክሏል

ጋሼ ነጋሳ ማረፋቸውን የሰማሁት መቱ ገበያ ዳር ካለ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ፣ የዱቄት ናሙና እያሸግኩ ሳለሁ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጮኸና ተወ። ሦስተኛ ሲጮህ አነሣሁት። እኅታቸው እትዬ አስካለ ነበሩ። ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ያዮ ላይ አረፈ፣ ቀብሩ ነገ ነው አሉኝና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ዘጉት። ዳቦ ጋጋሪው ፊቴን አይቶ ምን ሆንክ አለኝ። ምንም አልሆንኩም አልኩና የቀረችውን ከረጢት አሽጌ፣ ቅጹን አስፈርሜ ወጣሁ። ጋሼ ነጋሳ ቢሆኑ መጀመሪያውኑ ስልኩን አያነሡም ነበር። ናሙና እየወሰደ ስልክ የሚያነሣ ተቆጣጣሪ እየጸለየ የሚያዛጋ ሰው ማለት ነው ይሉኝ ነበር።

በዚህ ሥራ አርጅቻለሁ ባልልም ደክሜያለሁ። በኢሉባቦር ከተሞች ከሱቅ ሱቅ፣ ከወፍጮ ቤት ወፍጮ ቤት የምዞር የምግብ ተቆጣጣሪ ነኝ። ስገባ ደስ የሚለው ሰው አላየሁም፣ ስወጣ ግን ብዙ ሰው ደስ ይለዋል። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ነጋሳ ናቸው። ካስተማሩኝ አብዛኛውን እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ፤ አንዱን ግን ቃለ መሐላ ፈጽሜ፣ ዳኛ ፊት ቆሜ አፈረስኩት። ስለ እሳቸው የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው እንጂ ደግ ሰው ነበሩ ለማለት አይደለም። በሕይወት ሳሉም ደግ ናቸው የሚላቸው ሰው ብዙ አልነበረም።

ረጅም፣ ትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ዝናብም ፀሐይም ቢሆን ከአንዲት ቡናማ ባርኔጣ የማይለዩ ሰው ነበሩ። ያቺን ባርኔጣ መቱ ሁሉ ያውቃታል። ሱቅ ሲደርሱ ደጁ ላይ ያወልቋታል። ኦሮምኛ ለሚቀናው በኦሮምኛ፣ አማርኛ ለሚቀናው በአማርኛ ሰላምታ ይሰጣሉ። ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ እናትህ ከሆስፒታል ወጡ ወይ፣ ላሚቱ ወለደች ወይ ይላሉ። መልሱንም ከልባቸው ነው የሚያዳምጡት። ከዚያ ባርኔጣዋን መልሰው ይደፉና "ሥራ ላይ ነኝ" ይላሉ። ከዚህች ቃል በኋላ ወንበር ቢስቡላቸው አይቀመጡም፣ ቢቀልዱላቸው አይስቁም። ነጋዴዎቹም ነገሩን ስለለመዱት አንዳንዱ ገና ሲገቡ፣ "ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ባርኔጣዋን አያድርጓት" እያለ ይለማመጣቸው ነበር።

በሚቆጣጠሩበት ከተማ ምግብ ቤት ገብተው አያውቁም። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ቆሎ አለ፣ በሌላው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ የራሳቸው ማንኪያ አለ። ምሳ ሰዓት ሲሆን እኔ ሽሮ ፍለጋ ስሮጥ እሳቸው ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ቆሏቸውን ይቆረጥማሉ። ከዚህ ሕግ የሚወጣው የሐዘን ቤት ብቻ ነበር። ሐዘን ቤት ገብተው የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ አይወጡም። ሐዘንተኛ ያቀረበውን መመርመር ነውር ነው ይሉ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

ናሙና ሲወሰድ በሦስት ይከፈላል። አንዱ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፣ አንዱ ለባለቤቱ ይሰጣል፣ አንዱ ቢሮ ይቀመጣል። ገና እንደተቀጠርኩ ሦስተኛው ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቅኳቸው።

"ለክርክር" አሉኝ። "ባለቤቱ ቢዋሽ፣ እኛም ብንዋሽ፣ እሱ አይዋሽም።"

ቅጹ ላይ ከታች በኩል ውጤት የሚል መስመር አለ። በእሳቸው ዘንድ እዚያ መስመር ላይ የሚጻፉት ቃላት ሁለት ብቻ ናቸው። ቅጻችን በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ ላስቀምጣቸውና አንዱ "ተወስዷል" ነው፣ ሌላው "ተከልክሏል"። ሦስተኛ የለም። እኔ በመጀመሪያው ሰሞን አንድ ሱቅ ሄጄ፣ ባለቤቱ ቁልፉ ጠፋብኝ ስላለኝ፣ "በስምምነት ለሌላ ቀን ተላልፏል" ብዬ ጽፌ ተመለስኩ። ጋሼ ነጋሳ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። ማን ከማን ጋር ነው የተስማማው አሉኝ። ሰውየው በጣም ትሑት እንደነበረ፣ እንዲያውም ይቅርታ እንደጠየቀኝ ነገርኳቸው።

"ካልወሰድክ ከልክሎሃል። በፈገግታ ይከልክልህ በዱላ ይከልክልህ ቅጹ አያውቅም" አሉኝ።

ሕጉን ለነጋዴዎቹ ሲያስረዱ ትዕግሥታቸው ይገርመኝ ነበር። ተቆጣጣሪ ናሙና እንዳይወስድ ያደናቀፈ ማንኛውም ሰው ይታሰራል፣ መቀጮም ይከፍላል። ምግቡ ደኅና ሆኖ ቢገኝ እንኳ መከልከሉ ብቻውን ወንጀል ነው። ነጋዴዎቹ ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚጠይቁት፦ ዕቃዬ ንጹህ ከሆነ ምን አጠፋሁ? እሳቸውም መልሳቸው አንድ ነበር። ናሙና ያልተወሰደበት ነገር ንጹህም አይባልም፣ ቆሻሻም አይባልም፤ አይታወቅም ነው የሚባለው፤ ሰው ደግሞ የማይታወቅ ነገር ማብላት አይገባም።

የቡሬው ነገር የመጣው አብሬያቸው ጥቂት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። ቡሬ ላይ አቶ ወልዴ የሚባሉ የዘይት ነጋዴ ነበሩ። ከእሳቸው የተገዛ ዘይት ሆድ ያማል የሚል አቤቱታ ተደጋገመ። ከመቱ በጠዋት አውቶቡስ ተነሥተን ስንደርስ የእድር ድንኳን ተተክሏል። የተተከለው መጋዘኑ በር ላይ ነው። በሩን ሙሉ በሙሉ ጋርዶታል። አቶ ወልዴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሐዘንተኛው መሐል ተቀምጠዋል። አገር ቤት ያሉ አክስታቸው አርፈው ትናንት ነው መርዶ የተነገራቸው ተባልን። ሞቱ እውነት ነበር፣ ይህን የካደ ሰው የለም። ግቢያቸው ያን ያህል ሰፊ ሆኖ ድንኳኑ ለምን መጋዘን በር ላይ እንደተተከለ ግን ቡሬ እስከ ዛሬ ይከራከርበታል።

ጋሼ ነጋሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ገብተው ነፍስ ይማር አሉ፣ ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውን ንፍሮ በሉ። እኔም ሥራው ለዛሬ ቀረልኝ ብዬ ደስ እያለኝ በላሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ተነሡና ባርኔጣቸውን ደፉ።

"አቶ ወልዴ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ከመጋዘኑ ናሙና ልወስድ ነው።"

ከሴቶቹ አንዷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ወልዴ ተነሥተው መጋዘኑ በር ላይ ቆሙና ሐዘን ላይ ነኝ፣ ነገ ይምጡ አሉ። ጋሼ ነጋሳ በዚያው ድምፅ ሁለተኛ ጠየቁ። ከዚያም ሦስተኛ። አቶ ወልዴ ከበሩ አልተነሡም። ጋሼ ነጋሳ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ አድርገው "ተከልክሏል" ብለው ጻፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፣ ወጣን። ከኋላችን የሚሉንን አልደግመውም። እኔ አፍሬ አንገቴን ቀብሬ ነበር የምሄደው። አውቶቡሱ ውስጥ ጋሼ፣ ይህ አልከበደዎትም ወይ አልኳቸው። ከብዶኛል አሉ። ግን ቅጹ ላይ ከብዶኛል የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለ ነግረውኝ በመስኮት ማየት ጀመሩ።

በማግሥቱ ከፖሊስ ጋር ስንመለስ መጋዘኑ ባዶ ነበር። ወለሉ ታጥቦ የበረኪና ሽታ ያቃጥላል። ስለዚህ አቶ ወልዴ የተከሰሱት በዘይቱ አይደለም። ዘይቱ ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። የተከሰሱት ናሙና እንዳይወሰድ በመከልከል ነው። ችሎት ላይ፣ ነገ ይምጡ አልኩ እንጂ አይወሰድም አላልኩም፣ ሐዘንተኛ ምን ይበል ብለው ተከራከሩ። ብዙ ሰው አዘነላቸው፤ እኔም ሳላዝን አልቀረሁም። ጋሼ ነጋሳ ምስክር ሆነው ያዩትን ያለ አንድ ትርፍ ቃል ተናገሩ። አቶ ወልዴ እስራትና መቀጮ ተፈረደባቸው፣ ንግድ ፈቃዳቸውም ተሰረዘ።

ከችሎት ስንወጣ የአቶ ወልዴ ባለቤት ደጃፉ ላይ ጠብቀውን ነበር። አልጮኹም። "የእርስዎም ቤት ድንኳን ይተከላል" አሏቸው። ጋሼ ነጋሳ ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ "አዎ እመቤቴ፣ አይቀርም" ብለው መለሱላቸው። ያን ቀን ቆሎ ሲበሉ አላየሁም።

የተተከለው በዓመቱ ነው።

ታላቅ ወንድማቸው ታመው ከርመው መቱ ውስጥ እትዬ አስካለ ቤት አረፉ። እትዬ አስካለ ከሦስቱ ልጆች ታናሽ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከመንገዱ ዳር ባለች ክፍላቸው የተፈጨ በርበሬ እየሸጡ ልጆች አሳድገዋል። በዚያው ሳምንት የተፈጨ በርበሬ ውስጥ ቀይ ነገር እየተደባለቀ ነው የሚል ወሬ በመቱ ተነሥቶ፣ ከሻጮቹ ሁሉ በአንድ ቀን ናሙና ይወሰድ ተባለ። በአንድ ቀን የሆነው ሻጮቹ እንዳይጠቋቆሙ ነው። ጋሼ ነጋሳ የሐዘን ፈቃድ ላይ ስለነበሩ ዝርዝሩ ለእኔ ተሰጠኝ። የእትዬ አስካለ ስም ከመሐል ነበር። እስከ መጨረሻው አቆየሁት።

ድንኳኑ የተተከለው ግቢ ውስጥ ነው፣ የበርበሬዋን ክፍል አልጋረደም። ጋሼ ነጋሳ ጠጉራቸውን ተላጭተው፣ ባዶ ራሳቸውን፣ ነጠላ ለብሰው ተቀምጠዋል። ያለ ባርኔጣ ይህን ያህል ጊዜ አይቻቸው ስለማላውቅ ሌላ ሰው መሰሉኝ። ነፍስ ይማር ብዬ ተቀመጥኩ። ወጥ በእንጀራ ቀረበልኝ፣ በላሁ። ቡሬ ላይ እንዳየሁት ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ተነሣሁ። እትዬ አስካለ፣ ሥራ ላይ ነኝ አልኩ።

እሳቸው ሳይመልሱ ጋሼ ነጋሳ ተነሡ። ወደ በርበሬዋ ክፍል ሄደው በሩ ላይ ቆሙና አንድ እጃቸውን መቃኑ ላይ አደረጉ።

"ዛሬ አይሆንም፣ ጉርባ ኮ። ነገ ና።"

ጉርባ ኮ በኦሮምኛ ልጄ እንደማለት ነው፤ ሲያበረታቱኝም ሲቆጡኝም የሚጠሩኝ በዚያ ነበር። ሦስት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ። ሁለተኛም አልጠየቅኩም። እሺ ጋሼ አልኩና ወጥቼ፣ አጥሩ ጥግ ቆሜ፣ ውጤት በሚለው መስመር ላይ "በስምምነት ለሌላ ቀን ተላልፏል" ብዬ ጻፍኩ። ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሰው በአጠገቤ አልነበረም።

በማግሥቱ ስሄድ ጆንያው ባዶ ነው። ከያዮና ከቡሬ ለቅሶ የመጣው ሰው ስለበዛ የእድር ሴቶች በርበሬውን ለወጥ አውጥተው ጨርሰውታል። ውሸት ነው ማለት አልችልም። እኔ ራሴ በልቼዋለሁ። ጋሼ ነጋሳም በልተውታል። ሆን ተብሎ ነው ወይስ እንግዳ ስለበዛ ነው የሚለውን የሚያውቅ አንድም ሰው አላገኘሁም።

ድንኳኑ በፈረሰ ማግሥት ጋሼ ነጋሳ ባርኔጣቸውን አድርገው ቢሮ መጡ። በአለቃችን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነገር አስቀመጡ። አንዱ ደብዳቤ ነው፤ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት እኔ ነጋሳ በር ላይ ቆሜ ተቆጣጣሪ ናሙና እንዳይወስድ ከልክያለሁ ይላል። ሁለተኛው ትንሽ የታሸገ ከረጢት ነው። ከጆንያው ስፌት ውስጥ የቀረችውን በርበሬ በራሳቸው ማንኪያ ፍቀው ያወጧት ናት፤ ከጭብጥ አትበልጥም። አለቃችን ከረጢቷን መልሰው ገፉላቸው። በዕቃው ባለቤት ወንድም እጅ የተወሰደ ናሙና ዋጋ የለውም፣ ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት አሏቸው። ልክ ነህ ብለው ኪሳቸው ከተቷት። ደብዳቤውንም እንዲወስዱት ለመኗቸው። ሌላውን ቅጂ ለዐቃቤ ሕጉ ሰጥቼ ነው የመጣሁት አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ማቆም አልተቻለም። የአቶ ወልዴ ዘመዶች ሕጉ ለእኛ ብቻ ነው ወይ ማለት ጀምረው ነበር። ክሱ ተከፈተ። የቆመላቸው ጠበቃ፣ ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበርኩ፣ እንደ ሐዘንተኛ እንጂ እንደ ሠራተኛ አልቆምኩም ብለው እንዲከራከሩ መከራቸው። ሕጉ ማንኛውም ሰው ነው የሚለው፣ ሐዘንተኛ ሰው አይደለም ወይ ብለው መለሱት። ዳኛዋ ጥፋተኛ ነዎት ወይ ብለው ሲጠይቋቸው የሰጡት መልስ ግን ችሎቱን ግራ አጋባ።

"በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ነገ ና ብያለሁ። እኅቴን ለማዳን ይሁን ወንድሜን ለማክበር ግን እኔም አላውቅም።"

ዳኛዋ ይህ ጥፋትን ሙሉ በሙሉ ማመን አይደለም ብለው እንደ ክህደት አስመዘገቡትና ምስክር ይሰማ አሉ። ከለቅሶው ሰው ሊመሰክር የፈቀደ ስላልነበረ ምስክሩ አንድ ነበር። እኔ ነኝ።

ከቀጠሮው በፊት የነበሩት ቀናት አሁንም ሳስባቸው ይደክሙኛል። አለቃችን ጠርተውኝ፣ ጡረታቸው ደርሷል፣ ሽማግሌን እስር ቤት ልከህ እንዴት ትኖራለህ አሉኝ። ምን እንደምል አልነገሩኝም፣ መንገር አላስፈለጋቸውም። እትዬ አስካለ ቤቴ መጥተው ምንም ሳይለምኑኝ አለቀሱ። ከደጄ ሲወጡ ብቻ፣ አንዱን ቀበርኩ፣ ሌላውን ደግሞ ስንቅ ቋጥሬ እስር ቤት ልመላለስ ነው አሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ጋሼ ነጋሳ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ባለቤቴ ውሃ ሰጠቻቸው፣ ጠጡ። በዚያ ሁሉ ዓመት እኔ ቤት የቀመሱት ነገር እሱ ነው። ከዚያ ባርኔጣቸውን ደፉ።

"ሥራ ላይ ነኝ" አሉኝ። "ያየኸውን ትናገራለህ። እኔ ስለ ወልዴ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ለእኔ ሌላ ነገር ከተባለ እሱን ያሳሰርኩት በሕግ አይደለም ማለት ነው።"

እሺ ጋሼ አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ስለ ልጆቼ ትምህርት ጠየቁኝና ሄዱ።

ችሎት ላይ ማልኩ። ዐቃቤ ሕጉ ተከሳሹ ናሙና እንዳይወስዱ ከልክለውዎታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጋሼ ነጋሳ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ያዩኛል። ያን እጅ አየሁት፤ ቅጽ እንዴት እንደሚሞላ ያሳየኝ፣ ከረጢት እንዴት እንደሚታሸግ ደጋግሞ ያሳየኝ እጅ ነው። አልከለከሉኝም አልኩ። ሐዘን ስለነበረ በራሴ ፈቃድ ነው የተመለስኩት አልኩ። ቅጹም በራሴ የእጅ ጽሑፍ ያንኑ ይላል። ዳኛዋ ከደብዳቤው ሌላ ማስረጃ አለ ወይ አሉ፣ የለም ተባለ። ደብዳቤው ብቻውን ምስክሩንና ቅጹን አይሽርም አሉ። በነጻ ተለቀቁ።

ሰው ከቧቸው እንኳን ደስ ያለዎት ይላቸዋል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ሰዉን አልፈው ወደ እኔ መጡና ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። የተቆጡ አይመስሉም፣ የደከሙ ነው የሚመስሉት።

"ናሙናውን አበላሸኸው፣ ጉርባ ኮ።"

ከዚያ ወዲያ አብረን አልሠራንም። ጡረታቸውን ወስደው ያዮ የአባታቸው መሬት ላይ ቀፎ ሰቅለው መኖር ጀመሩ። አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር። መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ግማሹን በእግሬ ነው የደረስኩት። በደስታ ተቀበሉኝ፣ ማር አቀረቡልኝ፣ ስለ መንገዱና ስለ ንቦቻቸው አወሩኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ማሩን ብላ ይሉኛል። ስመለስ ደኅና ሁን ልጄ አሉኝ፣ በአማርኛ። ጉርባ ኮ አላሉኝም። ይህን ለሌላ ሰው ብነግረው ምን ለውጥ አለው ይለኛል፣ ግን አለው። ሁለተኛ ለመሄድ ጉልበት አላገኘሁም፣ ዓመታትም አለፉ።

ቀብራቸው ላይ የያዮ ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቼ ነው ያወቅኳቸው፤ አቶ ወልዴ ናቸው። ከቡሬ ድረስ መምጣታቸው ገረመኝ። እሳቸውም አወቁኝ። እኔ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ከእስር በወጡ በሳምንቱ ጋሼ ነጋሳ ቡሬ ቤታቸው ሄደው ነበር።

"ይቅርታ አልጠየቁኝም" አሉ አቶ ወልዴ። "'እርስዎ የታሰሩት ምስክርዎ እኔ ስለነበርኩ ነው። እኔ የተለቀቅኩት ምስክሬ የሚወደኝ ሰው ስለነበረ ነው። ይህን እንዲያውቁት መጣሁ' አሉኝ። ከዚያ በየዓመቱ ማር ይልኩልኝ ነበር።"

ስለ ዘይቱ ልጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት። አቶ ወልዴም ስለ ምስክርነቱ ምንም አልጠየቁኝም፤ ንፍሮውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉልኝ።

ሰዉ መበተን ሲጀምር እትዬ አስካለ ወደ ውስጥ ጠሩኝ። አርጅተዋል፣ በርበሬ መሸጥ ካቆሙ ቆይተዋል። ከሳጥን ውስጥ አንድ ፖስታ አወጡ። ወንድሜ ላንተ ስጪልኝ ያለኝ ነው አሉ። ውስጡ ያቺ ከረጢት አለች፤ በርበሬዋ ጠቁራለች፣ ማሸጊያው ግን አልተነካም። ከከረጢቷ ጋር የተጣጠፈ ቅጽ አለ፣ ሦስት ቅጂ። በጋሼ ነጋሳ ጽሑፍ ተሞልቷል። ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ አለ። በር ላይ የቆመው ሰው በሚለው ስማቸውን ጽፈዋል። ተቆጣጣሪ በሚለው የእኔን። ውጤት የሚለው መስመር ባዶ ነው። ፊርማውም ባዶ ነው።

"ንጹህ ነበረ" አሉኝ እትዬ አስካለ። "ያ በርበሬ ንጹህ ነበረ። በወንድሜ እምላለሁ።"

አምናቸዋለሁ ብል ደስ ይላቸው ነበር። አይታወቅም ብላቸው ደግሞ እውነት ነው። እኔ ግን እስክሪብቶ ይኖርዎታል ወይ አልኳቸው።

መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። በሐሰት መመስከርም ቅጣት አለው፣ ይህንንም ጋሼ ነጋሳ ናቸው ያስተማሩኝ። ልጆቼን አሰብኩ፣ ደመወዜን አሰብኩ፣ ማን ይህን ሁሉ ዓመት ያለፈ ነገር ይቆሰቁሳል ብዬም አሰብኩ። እማኝ የሚለውን ቦታ አቶ ወልዴ እንዲፈርሙልኝ ልጠራቸው ተነሥቼ ነበር። ያን ቀን ግን እዚያ አልነበሩም፣ ያላዩትን መፈረም አይችሉም። ባዶውን ተውኩት። ውጤት በሚለው መስመር ላይ "ተከልክሏል" ብዬ ጻፍኩ፣ ሦስቱም ቅጂ ላይ፣ ፈረምኩ።

አንዱን ቅጂ ለእትዬ አስካለ ሰጠኋቸው፣ የዕቃው ባለቤት ድርሻ ነው። አንዱን ለቢሮው ለየሁት። ሦስተኛውን ከከረጢቷ ጋር ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ነገ ጠዋት የዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሳይከፈት ለመድረስ የመቱን መኪና ልጠብቅ ወጣሁ።